የሐይቆች ተማሪ ወይዘሮ ሮዝመሪ ሎው ማኮኔል

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ እህል ነው። ከስፍር ላይ የፈሰሰ ጤፍ በብዙ ድካም ቢሆንም ይለቀማል፤ አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ ጥቂት ቢጎድልም ወደ ጎታው ይመለሳል። ወደ ሐይቅ ለፈሰሰ ነገር ግን ይህ ምሳሌ አይሠራም። አንድ ሰው ከአንዱ ውሃ አንድ ባልዲ ዓሣ አምጥቶ ወደ ሌላው ውሃ የገለበጠ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ እርሱ ቢጸጸት፣ የላከውም መሥሪያ ቤት በሙሉ ቢጸጸት፣ ያን ባልዲ መልሶ ሊሞላው የሚችል የለም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የተነሣነው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ሲመረምሩ የኖሩትን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ስማቸው ሮዝመሪ ሎው ማኮኔል ይባላል። ታሪካቸውን የመረጥነው ዓሣ ለሚወዱ ሰዎች ብቻ ብለን አይደለም። በትምህርት ላይ ያሉትና ወደ መንግሥት ሥራ አዲስ የገቡት ወጣቶቻችን፣ አንድ ቀን በጠረጴዛቸው ላይ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» የሚል ወረቀት ማግኘታቸው የማይቀር ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ ይህን ታሪክ ያስታውሱ ዘንድ ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በጨለማ የሚጓዘው ዓሣ

ሮዝመሪ ሎው በ1921 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር ጨው የሌለበትን ውሃ፣ ማለት የወንዝንና የሐይቅን ውሃ፣ ከነነዋሪዎቹ ወደሚመረምር ማኅበር ገብተው ሥራ ጀመሩ።

የመጀመሪያ ሥራቸው ኢል ስለሚባለው፣ እንደ እባብ ስለ ረዘመው ዓሣ ነበር። ኢል በወንዝና በሐይቅ ካደገ በኋላ ለመራባት ወደ ባሕር የሚወርድ ፍጥረት ነው። መቼ ይወርዳል? በምንስ ምልክት ጊዜው መድረሱን ያውቃል? ወይዘሪት ሎው ይህን ሲከታተሉ፣ ኢል ጉዞውን የሚመርጠው ሌሊቱ ጨለማ ሲሆንና ወንዙ ሲሞላ መሆኑን፣ ብርሃንም ከጉዞው እንደሚያስቀረው ተመለከቱ። ይህን የሚያስረዳው ጽሑፋቸው በ1952 ዓ.ም. ታተመ።

ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኛ ግን የኋላው ሥራቸው ሁሉ መሠረት በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ገበሬ የዘር ወሩን እንደሚያውቅ ሁሉ ዓሣም የራሱ የወራት አቆጣጠር አለው። ይህን አቆጣጠር ሳያውቅ ስለ ዓሣ ሕግ የሚያወጣ ሰው፣ ክረምትና በጋን ሳይለይ ስለ እርሻ ሕግ እንደሚያወጣ ሰው ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ዓሣ

በ1945 ዓ.ም. ወይዘሪት ሎው ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ አፍሪካ ተላኩ። የተላኩትም በዚያን ጊዜ ኒያሳ ይባል ወደ ነበረው፣ ዛሬ የማላዊ ሐይቅ ወደምንለው ታላቅ ውሃ ነው። በዚያ አገር ሕዝቡ አብዝቶ የሚወደው ቻምቦ የሚባለው ዓሣ ነው። ይህም ዓሣ የእኛ አገር ሰው ቆሮሶ ለሚለው የቅርብ ዘመዱ ነው። መንግሥት ሊያውቅ የፈለገው፣ ከሐይቁ ምን ያህል ዓሣ ቢያዝ ዘሩ ሳይጎዳ ይኖራል የሚለውን ነበር።

ወጣቷ መርማሪ ሁለት ዓመት ያህል ሐይቁን ሲያጠኑ ከቆዩ በኋላ ያገኙት መልስ፣ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ መሆኑን የሚያሳይ ሆነ። በገበያ ቻምቦ እየተባለ በአንድ ስም የሚሸጠው ዓሣ፣ አንድ ዓሣ አይደለም። መልካቸው እጅግ የተቀራረበ፣ ነገር ግን ዘራቸው የተለያየ በርካታ ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚለየው በመራቢያ ወራት፣ ወንዱ የሠርግ ልብሱን እንደ ለበሰ ሙሽራ ቀለሙን ሲለውጥ ነው። የሚራቡበት ወርና የሚራቡበት የሐይቁ ክፍልም ይለያያል። ሁሉም ግን በአንድ ጠባይ ይመሳሰላሉ፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ በአፏ ውስጥ ትሸሽጋለች።

እዚህ ላይ አንባቢያችን የሚያስተውለው ነገር አለ። በአንድ ወር ማጥመድ ቢከለከል፣ በዚያ ወር የሚራባው ዓይነት ይጠበቃል፤ በሌላ ወር የሚራባው ግን በሕጉ ውስጥ ሳለ ከሕጉ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የዓሣውን ዓይነት መለየት የመጻሕፍት ጨዋታ ሳይሆን የሕጉ ግማሽ አካል ነው። ደግሞም የአገሬው አጥማጆች ልዩነቱን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሳካና ሊዶሌ የሚባሉት፣ በሊቃውንቱ መጽሐፍ የገቡት ስሞች፣ ከእነርሱው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው።

የዚህ ምርመራ ዘገባ በ1952 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ነገር ግን ማወቅና መጠበቅ ሁለት ነገር ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመረቡ ቀዳዳ እየጠበበ፣ የአጥማጁም ቁጥር እየበዛ ሄደ። በ2018 ዓ.ም. የማላዊ ሐይቅ ዓሣዎች ሁኔታ ሲመረመር፣ ከአራቱ የቻምቦ ዓይነቶች ሦስቱ ዘራቸው ፈጽሞ ሊጠፋ ከተቃረበው መካከል ተመዘገቡ።

በዓባይ መውጫ

በ1948 ዓ.ም. ወይዘሪት ሎው ወደ ዩጋንዳ ተሻግረው፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ ከተማ በተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የዓሣ ምርመራ ድርጅት ሠራተኛ ሆኑ። የቪክቶሪያ ሐይቅ ስፋቱ 68,800 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ከጣና ሐይቃችን ሃያ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

በዚያም ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ንጌጌ የሚባለውን የቆሮሶ ወገን ነበር። በ1905 ዓ.ም. ከተልባ ጭረት የተሠራ የአውሮፓ መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ ንጌጌ መመናመን ጀመረ። ማይክል ግሬሃም የሚባሉ መርማሪ በ1927ና በ1928 ዓ.ም. ሐይቁን አጥንተው፣ የመረቡ ቀዳዳ ከ5 ኢንች፣ ማለት ከ12.7 ሳንቲ ሜትር፣ እንዳይጠብ መክረው ነበር።

ወይዘሪት ሎው ከቪክቶሪያ ሌላ ወደ ጂፔ ሐይቅ፣ ወደ ፓንጋኒ ወንዝና ወደ ሌሎችም ውሆች እየተዘዋወሩ የቆሮሶን ወገኖች መረመሩ። ከእነዚህም ውስጥ በጂፔና በፓንጋኒ ስም የተጠሩትን ሁለት ዓይነቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቁት እርሳቸው ናቸው፤ ጽሑፋቸውም በ1955 ዓ.ም. ወጣ። ከዚህም በላይ ለሕግ አውጪ የሚጠቅም አንድ ነገር ገለጹ። ያው አንዱ ቆሮሶ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ሲኖር ትልቅ ከሆነ በኋላ ይራባል፤ በትንሽ ኩሬ ውስጥ ሲኖር ግን ገና ትንሽ ሳለ ይራባል። እንግዲህ ለአንዱ ሐይቅ የተለካው የመረብ ቀዳዳ ለሌላው አይሆንም። ልክ ሳይወስድ ጫማ የሚሰፋ የለም፤ ሐይቅም እንዲሁ ልኩ ይወሰድለታል።

በ1953 ዓ.ም. ሪቻርድ ማኮኔል የሚባሉትን የሥነ ምድር ሊቅ አገቡ። በዚያን ጊዜ በነበረው የቅኝ አገዛዝ የሥራ ደንብ ደግሞ ሴት ሠራተኛ ያገባች እንደ ሆነ ሥራዋን መልቀቅ ነበረባት። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ የአፍሪካን ዓሣ ያጠኑት ሊቅ፣ በዕውቀታቸው ጉድለት ሳይሆን በጋብቻቸው ምክንያት ከመሥሪያ ቤታቸው ተሰናበቱ። አንድ መሥሪያ ቤት ያለውን ዕውቀት በገዛ ደንቡ ከደጁ ሲያስወጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ያለ አይመስለንም።

ያ ባልዲ

በ1954 ዓ.ም. የናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ በጂንጃ በኩል በስውር ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተጣለ። ይህ ዓሣ ሌላውን ዓሣ እየበላ የሚኖር ሲሆን፣ ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

ዓሣው እንዲገባ የፈለጉት ሰዎች ክፉ ሐሳብ ነበራቸው አንልም። በሐይቁ ውስጥ ፉሩ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ጣት የሚያክሉ፣ አጥንታቸው የበዛ፣ በገበያ ዋጋ የሌላቸው ትንንሽ ዓሣዎች ሞልተው ነበር። «ትልቁ ዓሣ ትንንሾቹን ቢበላ፣ የማይጠቅመው ነገር ወደሚጠቅም ሥጋ ይለወጣል» ብለው አሰቡ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደኅና ይመስላል።

በጂንጃው ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ጄፍሪ ፍራየር የሚባሉ ሊቅ ግን በ1960 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ተቃወሙ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ታላቅ በሊታ ዓሣ አልነበረም፤ ትንንሾቹም እርሱን የሚሸሹበትን ዘዴ አያውቁም፤ አንድ ጊዜ ከገባም የሚመለስበት መንገድ የለም። ሆኖም ምክሩ ሰሚ አላገኘም። በ1962ና በ1963 ዓ.ም. ዓሣው በይፋ እንደ ገና ተጨመረ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ነገሩ ዝም አለ። «ይኸው ምን ሆነ?» የሚሉም አልጠፉም። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን የናይል ፐርች በድንገት ሐይቁን ሞላው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በታንዛንያ በምዋንዛ ከተማ ሆነው ፉሩዎቹን ያጠኑ የነበሩት ፍራንስ ቪተ የሚባሉ የሆላንድ ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ የሚያጠኗቸው ዓሣዎች ከዓመት ወደ ዓመት ከመረባቸው ሲጠፉ በዓይናቸው አዩ። በሐይቁ ውስጥ ከነበሩት ከ500 በላይ የፉሩ ዓይነቶች፣ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የማይገኙት፣ ወደ 200 የሚሆኑት ጠፉ ወይም ለመጥፋት ተቃረቡ።

እውነቱን ለመናገር ትርፍም ተገኝቷል። በ1970ዎቹ 100,000 ቶን ገደማ የነበረው የዓመቱ ምርት በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 500,000 ቶን ደረሰ። ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ ዓሣው ወደ አውሮፓ ተላከ፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አገኘ። ነገር ግን ፉሩን በፀሐይ አድርቆ የሚበላው የሐይቅ ዳር ድኻ፣ የናይል ፐርች ሥጋ ቅባት የበዛበት በመሆኑ በፀሐይ ማድረቅ አልቻለም፤ በጢስ ለማድረቅ ዛፍ መቁረጥ ግድ ሆነበት። ጥፋቱም ሁሉ የዚህ ዓሣ ብቻ ነው ብለን አንበይንም፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ከከተሞች የሚወርደው ቆሻሻ የሐይቁን ውሃ አበላሽቶታል፤ እምቦጭም ዳርቻውን ሸፍኖት ነበር። ኋላ ደግሞ የናይል ፐርች ራሱ አለመጠን በመያዙ ሲቀንስ፣ አንዳንዶቹ የፉሩ ዓይነቶች እንደ ገና ታይተዋል። የጠፉት ግን ጠፍተዋል።

ያለ ወንበር የተሠራ ሥራ

ወደ ወይዘሮ ማኮኔል ታሪክ እንመለስ። መሥሪያ ቤታቸው ቢያሰናብታቸውም እርሳቸው ዓሣን አላሰናበቱም። ባለቤታቸው ለሥራ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ በዚያን ጊዜ ብሪቲሽ ጊያና ትባል ወደ ነበረችው አገር ሲሄዱ፣ እርሳቸውም ከ1957 እስከ 1962 ዓ.ም. በዚያ ቆይተው የወንዞቹን ዓሣ መረመሩ። ሩፑኑኒ በሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ዓሣዎቹም ለመራባትና ለመመገብ በሣሩ መካከል ይበተናሉ። በጋ ሲመጣ ውሃው ወደ ጥቂት ኩሬዎች ይሰበሰባል፤ ብዙዎቹም በዚያው ይሞታሉ። የፎገራንና የደምቢያን ሜዳ በክረምት ያየ አንባቢያችን ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የጣናው አምባዛም ሐይቁ ሲሞላ ወደ ሜዳው ወጥቶ ይራባልና። እንግዲህ ሜዳውን አጥሮ ውሃውን የሚያግድ ሰው፣ አንድ ዓሣ ሳይነካ የዓሣውን ዘር ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ እንግሊዝ ከተመለሱ በኋላ በለንደኑ የሥነ ፍጥረት ሙዚየም ውስጥ ያለ ደመወዝ መሥራት ጀመሩ። በአፍሪካና በሌላውም ዓለም ታላላቅ ግድቦች በሚሠሩበት ዘመን፣ ሰው ሠራሽ ሐይቆች በዓሣና በሕዝብ ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ ሊቃውንት የተወያዩበትን መጽሐፍ አዘጋጅተው በ1966 ዓ.ም. አሳተሙ። በሞቃት አገሮች ወንዞችና ሐይቆች ውስጥ ዓሣዎች በማኅበር እንዴት እንደሚኖሩ የሚያስረዱትን ሁለት ታላላቅ መጻሕፍታቸውን በ1975ና በ1987 ዓ.ም. አወጡ። በ1997 ዓ.ም. የለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር ሜዳልያውን ሸለማቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. «የቲላፒያ ዱካ» በሚል ትርጉም ባለው ስም ጽፈው አሳተሙ። ቲላፒያ ማለት የእኛው የቆሮሶ ወገን ነው። በ2014 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። ከነዚህ መጻሕፍት አንዱም የተጻፈው በሹመት ወንበር ላይ በመቀመጥ አይደለም። ወንበሩ ከተወሰደባቸው በኋላ ሥራቸው ስድሳ ዓመት ያህል ኖሯል። ዛሬ ስለ አፍሪካ ሐይቆች የሚያጠና ተማሪ ስማቸውን ሳያገኝ አያልፍም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ጥፋት ያመጣው የናይል ፐርች ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ በባሮም ወንዝ ከጥንት ጀምሮ የሚኖር ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ በኩል ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚበላው እርሱ ነው። በዚያ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ያደገ ስለ ሆነ የቤቱ ልጅ ነው፤ በዘሩም ሊጠበቅ ይገባዋል። እንግዲህ ዓሣው በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም፤ የሚለየው በአገሩ መሆኑና በሰው አገር መሆኑ ነው።

በጣና ሐይቅ ደግሞ ይህ ዓሣ የለም። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከ40 ሜትር ከፍታ ላይ እየወረደ ከታች ያሉት የዓባይ ዓሣዎች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። በዚህ ተዘግቶ በኖረ ውሃ ውስጥ 15 ያህል የሚሆኑ የባርበስ ወገን ታላላቅ ዓሣዎች ተፈጥረው ይኖራሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1986 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በሐይቁ ላይ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ አጥማጆች በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየዘረጉ ለመራባት የሚሄደውን ዓሣ ሲይዙ ኖሩ። በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በመቶ 75 ያህል መቀነሱን መርማሪዎች አስታወቁ። የራሳችንም ሊቃውንት ሥራ አልፈቱም፤ ዶክተር አበበ ጌታሁንና ዶክተር እሸቴ ደጀን የጣናን ዓሣዎች ዓይነት በዓይነት የሚያስረዳ መጽሐፍ በ2012 ዓ.ም. አሳትመዋል። በእኛም አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ጥናቱ አለ፤ ሕጉም አለ። የሚቀረው ጥናቱን አንብቦ ሕጉን በወንዙ አፍ ላይ የሚያቆም ሰው ነው።

ያም ሰው ከዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት መካከል እንደሚነሣ እናምናለን። አንድ ቀን «ይህ ዓሣ ፈጥኖ ያድጋል፤ ወደዚያ ሐይቅ ይጨመር» የሚል ወረቀት ሲቀርብለት፣ ወይም «በዚህ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይፈቀድልን» የሚል ማመልከቻ ሲደርሰው፣ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ዓሣው በዚህ ውሃ አገሩ ነው ወይስ እንግዳ? ሁለተኛ፣ መቼና የት ይራባል? ሦስተኛ፣ የተሳሳትን እንደ ሆነ መመለሻው ምንድን ነው? የዓሣ ሊቁም «ገና አላወቅሁም፤ ሁለት ክረምት ስጡኝ» ቢለው፣ ሥራ አዘገየ ብሎ አይቆጣው። የቪክቶሪያን ሐይቅ ለመጠበቅ ተፈልጎ የነበረው እንዲህ ያለ ጥቂት ጊዜና አንድ ሰሚ ጆሮ ብቻ ነበር።

መልሱን ያላገኘ እንደ ሆነ ብዕሩን ያስቀምጥና ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ አጥማጁን አባት ያነጋግር። ወይዘሮ ሮዝመሪ ሎው ማኮኔል የአጥማጆችን ስም ከሊቃውንት ስም አሳንሰው አልተመለከቱም። ወረቀቱ አንድ ክረምት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ባልዲው ከተገለበጠ በኋላ ግን የሚለቀም ነገር የለም።